አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ቅየራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ማሽኑ ዛሬም ውኃ አልወስድ አለ። ማብሪያውን ስጫን ፓምፑ ማጉረምረም ይጀምራል። አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። ውስጡ ጠብታ ውኃ የለም፤ እሱ ግን ለማስወጣት ይታገላል።

ይህ ምልክት የሚናገረው ነገር አለ። ከዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሆድ በታች ጠፍጣፋ ትሪ አለ። ትሪው ላይ ቁራጭ ፎም ተቀምጧል። የሆነ ቦታ ሲያፈስ ውኃው ትሪው ላይ ይጠራቀማል፣ ፎሙ ይንሳፈፋል፣ እዚያው ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ይነካል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ውኃ ማስገባት ትቶ ፓምፑን ብቻ ያሠራል። ቤት እንዳይጥለቀለቅ የተሠራ መላ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሲያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይባልና ላልተበላሸ ነገር ይከፍላል።

ብሬከሩን አወረድኩ። የታችኛውን የፊት ሽፋን በካቻቢቴ ፈታሁ። በስልክ መብራት ሳየው ትሪው ሁለት ጣት ውኃ ይዟል። በስፖንጅ መጥጬ አወጣሁትና የሚያፈስበትን ፈለግሁ። ገንዳው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጎማው ብቻ ቢሆን መርካቶ ወርዶ ተመሳሳዩን ማፈላለግ ይቻል ነበር። ችግሩ የታችኛው ላሜራ ነው። ስንት ጊዜ ሲንጠባጠብበት እንደቆየ እንጃ፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ተቦደሰ። የበሩ ማጠፊያ የታሰረው ደግሞ እሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም። ይቀየራል።

ለምን በእጅ አይታጠብም የሚል ሰው ይኖራል። እናቴ እኔ ጋ ናት። የእጆቿ መገጣጠሚያ ያብጣል። ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ ከነካች ጣቶቿ አይታጠፉላትም። እኔ ሥራ ስውል ሲንኩ ላይ የተከመረ ዕቃ አይታ ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም። ይህ ማሽን ቤታችን የገባው ለእሷ ነው። ስለዚህ ቶሎ መሠራት አለበት፤ ከቶሎም በላይ በደንብ።

ማክሰኞ ማታ፦ መጀመሪያ ውኃው

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ የሚያከብደው ውኃው ነው። በምን ጉልበት ይመጣል? ምን ይዞ ይመጣል? በየት ይወጣል? ይህን ሳያውቁ ማሽን መግዛት ጥሩ ማሽን አምጥቶ በሳምንቱ «አይሠራም» ማለት ነው።

ሕንፃችን ልደታና ሜክሲኮ መሃል ያለ የቆየ አፓርታማ ነው። አሳንሰር የለውም። እኛ የመጨረሻው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውኃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሶሌታው ላይ ያለውን ሮቷችንን ይሞላል፤ ሲሄድ ከሮቶው እንጠቀማለን።

ከአናታችን በላይ ሮቶ ስላለን ግፊት ያለን ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ 1 ባር አካባቢ ግፊት ይሰጣል። አንዱ ሜትር 0.1 ባር ማለት ነው። ሜትር ይዤ ወጣሁ። ከሮቶው ሥር እስከ ማሽኑ የውኃ መግቢያ ድረስ 3 ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ እኛ ጋ የሚደርሰው 0.35 ባር ነው፤ ቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሳይቀነስ። ሮቶው ጢም ሲል ትንሽ ይጨምራል፣ ሲጎድል ይቀንሳል። አብዛኞቹ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። ጠርዝ ላይ ነን ማለት ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን ከዚያው ሶሌታ በሚወርድ ውኃ ከ1 ባር በላይ ያገኛሉ። ግፊት የሚያጥረው ሮቶው ሥር ያለ ሰው ነው።

ቁጥር የማይወድ ሰው በጠርሙስ ይሞክር። ከሲንኩ ሥር ያለውን ቫልቭ ከፍቼ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ደቀንኩበት። ለመሙላት ግማሽ ደቂቃ አልበቃውም። ማሽኑ በአንድ ዙር ከ3 እስከ 4 ሊትር ያስገባል። በተመደበለት ጊዜ ውስጥ ካልሞላለት የውኃ መግቢያ ስህተት ጽፎ ይቆማል። ስለዚህ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ያስፈልገናል፤ ውኃ ሲንቀሳቀስ ራሷ የምትነሳ፣ ሲቆም የምትጠፋ ዓይነት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ፓምፑ የሚስበው ከሮቶው ነው። ከከተማው መስመር ላይ በቀጥታ ፓምፕ ማሰር የጎረቤትን ውኃ መንጠቅ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ በተቀደደ ቧንቧ በኩል ከመሬት ቆሻሻ ይስባል። ያንን የሚጠጣው ሕፃን ጭምር ነው።

ቀጥሎ ውኃው ይዞት የሚመጣው። ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ እንደሚመጣ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የአሮጌውን ማሽን የውኃ መግቢያ ጎማ ፈትቼ ውስጥ ያለችውን ወንፊት በፒንሳ ሳብኳት። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም። ላይዋ ላይ ቡናማ ጭቃ ተጋግሯል። በጭቃው መሃል ደቃቅ አሸዋ አለ። ከአሸዋው ጋር አረንጓዴ ፍርፋሪ ተቀላቅሏል፤ ቧንቧ ሠራተኞች መስመር ሲቆርጡ የሚቀረው የፕላስቲክ ብናኝ ነው። በድሮ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርጋት ነው ቀዳዳዎቿ የታዩት። አዲሱ ማሽን ከፊቱ የሚታጠብ ማጣሪያ ይኖረዋል። ማጣሪያውን የማስገባው ከፓምፑ በኋላ ነው። ከፓምፑ በፊት ከሆነ ያለችንን ትንሽ ግፊት ይበላታል።

ረቡዕ፦ ግዢ

አሜሪካ ያለችው እህቴ ነገሩን ስትሰማ «እኔ ልላክልሽ» አለች። ከልቧ ነው። አመስግኜ እንቢ አልኳት፤ ምክንያቱን እዚህም ልጻፈው፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው ነገር ነውና።

የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ሄርትዝ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርትዙን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩና ፓምፑ ከታሰበላቸው ውጭ ይሠራሉ። ሌላም አለ። የአሜሪካዎቹ በአብዛኛው ከቦይለር ሙቅ ውኃ እንዲገባላቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። የእኛ ኩሽና ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ቧንቧ ብቻ ነው። ለ220 ቮልት የሚሠሩት ቀዝቃዛውን ወስደው ራሳቸው ያሞቁታል። ከዱባይ የሚመጡት ለኛ ይስማማሉ። ሶኬታቸው ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሊሆን ስለሚችል መቀየር ይኖርበታል።

ልኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፤ አያስቆጭም። ትልቁ ማሽን ወርዱ 60 ሳ.ሜ. ነው፤ ቀጭኑ 45። የእኛ ክፍተት 60ውን ይችላል። አስቸጋሪው ቁመቱ ነው። ከሴራሚኩ እስከ ግራናይቱ ሥር 83 ሳ.ሜ. አለ። ለብቻው የሚቆም ማሽን ከነክዳኑ 85 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። የብዙዎቹ የላይ ክዳን ግን ከኋላ ያሉት ቡሎኖች ሲፈቱ ይነሳል፤ ያኔ 82 ይሆናል። መመሪያው ክዳኑ እንዲነሳ የሚፈቅድ መሆኑን ሱቅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩ። የማይፈቅድም አለ። የበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን መግለጫ ደግሞ አየሁ፦ 220–240 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ፣ ውኃ 0.04–1 ሜጋፓስካል። 0.04 ማለት 0.4 ባር ነው። ፓምፑ ግዴታ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሻጩ ልጅ «እህቴ፣ የኛ ሰው መጥቶ ይገጥምልሻል» አለኝ።

«ግድ የለም ወንድሜ፣ እኔው እገጥመዋለሁ። ስትጭኑት ብቻ እንዳታጋድሙት» አልኩት።

ከዚያ ለቧንቧው ዕቃ ወደ ተክለሃይማኖት። ከግድግዳ የሚወጣው ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው፤ የማሽኑ ጎማ ደግሞ ሦስት ሩብ ኢንች። ሁለቱን የሚያገናኝ ቫልቭ ያስፈልጋል። ባለሱቁ አዛውንት ሁለት ቫልቮች አውጥተው በሁለት እጄ አስያዙኝ። «መዝኚው ልጄ። ይሄ ነሐስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ቅብ ነው። ቅቡ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። ነሐሱን ወሰድኩ። ቴፍሎን (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ጥብጣብ)፣ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት)፣ ማጣሪያ፣ የማሽን ጎማ መቀበያ ያለው ሲፎን (ከሲንኩ ሥር ያለው የቆሻሻ ውኃ ማውረጃ) ጨመርኩበት።

ሐሙስ፦ መብራት

ቧንቧውን ራሴ እሠራለሁ። መስመር መዘርጋቱን ግን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ሰጠሁ። ውኃና መብራት አንድ ካቢኔ ውስጥ ሲገናኙ ግምት አይሠራም።

ማሽኑ ውኃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ለ220 ሲካፈል 9 አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ 16 አምፔር። ሁለቱ በአንድ መስመር አብረው ከሠሩ 25 ይደርሳል። ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ብሬከሩ ካልወደቀ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ለማሽኑ የራሱ ብሬከርና የራሱ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ተሠራለት። ዲቫይደር ላይ መሰካት በፍጹም አይሆንም።

ባለሙያው በቴስተር የመሬት ሽቦውን ሲፈትሽ ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ አለ፣ ሌላኛው ጫፉ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። የቆየ ሕንፃ ላይ ይህ ያለ ነው። የማሽኑ አካል ብረት ነው፣ ውስጡ ውኃ ነው፣ እናቴ ደግሞ በእርጥብ እጅ ነው የምትነካው። የመሬት ሽቦው ከዋናው ሳጥን ጋር እስኪያያዝ ቀጣዩን ሥራ አላስጀመርኩም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን የቮልት ከፍ ዝቅ የምትከላከል፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይታ የምትለቅ መከላከያም ገባች። ለሶሌታው ፓምፕ የሚሆን መስመርም በዚያው ወጣ።

ዓርብ ማታ፦ ማስወጣት

ብሬከር ወረደ፣ ቫልቭ ተዘጋ። ከማሽኑ ገንዳ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይቀራል። በጣሳና በስፖንጅ አወጣሁት። ጎማዎቹን ስፈታ ከሥር ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥኩ።

ከዚያ የጠበቅሁት ፈተና መጣ። የኩሽናው ሴራሚክ የተነጠፈው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ማሽኑን ማንሳት ስላልፈለጉ ዙሪያውን አንጥፈው ሄደዋል። ስለዚህ ማሽኑ ከሴራሚኩ 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ታስሯል። ከላይ ግራናይት፣ ከፊት የሴራሚክ ጠርዝ። በጉልበት ቢጎተት ሴራሚኩ ይነቀላል።

መላው እግሮቹ ላይ ነው። የማሽን እግር ቡሎን ነው፤ ሲዞር ያጥራል ወይም ይረዝማል። የፊቶቹን እስከ መጨረሻው አስገባኋቸው፤ ማሽኑ ወረደና ከላይ ክፍተት ተገኘ። የወንድሜ ልጅ ፊቱን በብረት ዘንግ ከፍ አደረገ፣ እኔ ኮምፔንሳቶ ከሥር ሰደድኩ። ጠርዙን ተሻግሮ በኮምፔንሳቶው ላይ ተንሸራቶ ወጣ።

ከኋላ የነበረውን ማየት ደስ አይልም። ወለሉ ላይ አራት የዝገት ክብ ታትሟል። የደረቀ ምስር፣ የጠፋች የሻይ ማንኪያ፣ የበረሮ ጎጆ። የጎን ካቢኔው ኤምዲኤፍ እግሩ ድረስ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ያበጠውን በመጋዝ ቆርጬ ጫፉን በሲሊኮን ዘጋሁት። ወለሉን በበረኪና አጠብን። ዝቅ ያለውን ቦታ ከቤት የተረፈ ሴራሚክ አንጥፌ ከሌላው ጋር እኩል አደረግሁት። ቀጥሎ ይህን ማሽን የሚያወጣ ሰው፣ እኔም ልሁን ሌላ፣ ዛሬ ያየነውን አያይም። ማጣበቂያው ሌሊቱን ይደርቃል።

ቅዳሜ፦ ማስገባት

ማሽኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ። 48 ኪሎ ነው። አራት ፎቅ በደረጃ የሚያወጡ ሁለት ወዛደሮች ዋጋ ተስማምተው ወጡ፤ ቆሞ፣ በጠፍር ታስሮ፣ በበሩ እጀታ ሳይያዝ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ በራቸውን ከፍተው «እግዜር ያግዛችሁ፣ ቀስ!» እያሉ አሳለፏቸው።

ካርቶኑ ሲወልቅ የመደርደሪያዎቹን ፎም አወጣሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ የሚታሰረው የማጓጓዣ ቡሎን እዚህ የለም። የላይ ክዳኑን ፈታሁ።

ቫልቭ። ሶሌታው ላይ ወጥቼ የሮቶውን መውጫ ዘጋሁ። አሮጌውን ቫልቭ ፈትቼ የቧንቧውን ጥርስ በብሩሽ አጸዳሁ። ቴፍሎን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚጠቀለለው፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ተገፍቶ ይወጣል። አዲሱን ቫልቭ አጥብቄ ጎማ ሳልሰካበት ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ነጣ ያለ፣ ከዚያ ጥርት ያለ መጣ። ይህን ማጠብ የሚዘል ሰው ያንን ሁሉ ጭቃ ወደ አዲሱ ማሽን ይልከዋል።

የማሽኑ ጎማ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም። ውኃውን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ጎማ ናት። በእጅ ማጥበቅ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር። ከዚያ በላይ ከተጠበቀ ጎማዋ ትቆረጣለች። የአሮጌውን ማሽን ጎማ ደህና ቢመስልም ጣልኩት። ለዓመታት ግፊት የተሸከመ ጎማ አንድ ሌሊት ሲፈነዳ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ነው የሚወርደው።

የቆሻሻ ውኃ መውጫ ጎማው ላይ ልብ በሉ። ከማሽኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሲፎን መሄድ የለበትም። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ግራናይቱ ሥር ድረስ ወጥቶ እዚያ ይታሰራል፤ ከዚያ ወደ ሲፎኑ ይወርዳል። ካልሆነ ሲንኩ ሲደፈን ቆሻሻው ውኃ ተመልሶ የታጠበው ዕቃ ላይ ይገባል። ሲፎኑ ላይ ያለው መቀበያ አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ በቀጭን ፕላስቲክ የተደፈነ ነው። ያንን መብሳት ያስፈልጋል። ከዚያ ጎማው በፋሼታ ይታሰራል።

እግሮቹን ከመግፋቴ በፊት አስተካከልኩ፤ ከገባ በኋላ የኋላዎቹ አይደረሱም። ውኃ ልክ በሩ ጠርዝ ላይ አድርጌ ወደ ጎንም ወደ ኋላም አየሁ። ከዚያ እኔ ስገፋ የወንድሜ ልጅ ሲንኩ ሥር ተኝቶ ጎማዎቹን እየሳበ ተቀበለኝ።

«አክስቴ፣ ቁሚ ቁሚ! የመውጫው ጎማ ሊታጠፍ ነው።»

ቆምኩ፣ አቃናው፣ ገባ። የታጠፈ ጎማ ካለ ማሽኑ ውኃ አላስወጣም ብሎ ይቆማል፤ ያኔ እንደገና ማውጣት ነው። ክዳኑ የተነሳለት ማሽን ሁለቱ መደርደሪያዎች ሞልተው ሲሳቡ ወደ ፊት ሊያጋድል ይችላል። ግራናይት በቀላሉ ስለማይበሳ ከሁለቱ የጎን ካቢኔቶች ጋር በትናንሽ ብረቶች አሰርኩት።

ፓምፑ ሶሌታው ላይ ገባ፣ ማጣሪያው ሲንኩ ሥር። ውኃ ተለቀቀ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠረግሁ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ቫልቩ ደረቅ፣ ጎማው ደረቅ፣ ሲፎኑ ላይ ግን አንድ ቦታ ሶፍቱ ራሰ። ፈትቼ ሳየው የሲፎኑ ጎማ ከፋብሪካ የቀረ ትርፍ ጠርዝ አለው። በምላጭ ላጭቼ መለስኩት። ደረቀ።

ያንን ሁለት ሊትር ሃይላንድ እንደገና ደቀንኩ። አሁን ሳይታሰብ ሞላ።

እሑድ፦ ጨውና የመጀመሪያው እጥበት

ማሽኑ ውስጥ ውኃን የሚያለሰልስ ክፍል አለ። በውኃ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል፤ ሲሞላ በጨው ውኃ ይታጠባል። ለዚህ ነው ጨው የሚጨመርበት። የወጥ ጨው ግን አይሆንም። ደቃቅ ነው፣ አዮዲንና ሌላም ነገር ተጨምሮበታል፣ ጋግሮ ይዘጋዋል። የማሽኑ ጨው ጠጠር ያለ ንጹሕ ጨው ነው፤ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ክፍሉ መጀመሪያ በውኃ ይሞላል፤ ከዚያ ጨው በማስገቢያው ይጨመራል። የፈሰሰው ተጠርጎ ወዲያው እጥበት ይጀመራል፤ ጨው ብረቱ ላይ ካደረ ይበላዋል።

ምን ያህል ላለስልስ የሚለው ደግሞ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። የከተማችን ውኃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬው ከግድብ ነው፤ የአቃቂው ከጥልቅ ጉድጓድ። የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ ማዕድን ይበዛበታል። ቀላሉ ማወቂያ ማንቆርቆሪያ ነው። ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚሠራ ከሆነ የማሽኑ የማለስለሻ ቁጥር ከፍ ይበል። የእኛ ማንቆርቆሪያ ስስ ንጣት ብቻ ነው ያለው፤ መሃል ላይ አደረግሁት።

ባዶውን በሙቁ ፕሮግራም አንዴ አጠብኩት። የፋብሪካው ቅባት ይውጣ ብዬ ነው። ሳሙናው የማሽን መሆን አለበት። በእጅ የምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና ከገባ አረፋው በበሩ ይወጣል።

ከዚያ የትናንቱ ምሳ ዕቃ ገባ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀምጣ «እስቲ የሽሮዋን ድስት አስገቢያት» አለች። የደረቀ ሽሮ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ከሱ በላይ ፈተና የለም። ድስቷ ብረት ድስት አለመሆኗን አይቼ አስገባኋት። ብረት ድስት የምንለው አልሙኒየሙን ነው፤ የማሽን ሳሙና ያጠቁረዋል። ጀበናም አይገባም፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣል። ማማሰያና ሌላ የእንጨት ዕቃ ይሰነጠቃል። የወርቅ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች ጠርዛቸውን ያጣሉ። ፕላስቲክ ዕቃ ይገባል፣ ግን በርበሬ ያቀላውን ማሽኑም አያነጣውም።

አጠቃላይ የወሰደው 11 ሊትር አካባቢ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ያንን ያህል ዕቃ ማጠብ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በፈረቃ ለሚኖር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ሲከፈት እናቴ የሽሮዋን ድስት አውጥታ ሥሩን በጣቷ ዳሰሰች። «ጸድታለች። ተባረኪ ልጄ» አለች። ከዚያ ሲኒዎቹን ራሷ ደረደረች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ

ገንዳው ሥር ያለውን ማጣሪያ አውጥቼ አየሁ። የጤፍ እንጀራ ፍርፋሪ ሟሙቶ ማጣሪያው ላይ ቀጭን ልጥፍ ይሆናል። ወጥ የነካ እንጀራ ሰሃን ላይ ካለ ወደ ቆሻሻ መጥረግ ግዴታ ነው። ማጠብ ግን አያስፈልግም። ማጣሪያውን ደግሞ በየሳምንቱ በብሩሽ። ንጥር ቅቤ ያለበት ዕቃ ካለ 65 ዲግሪው ፕሮግራም ይሻላል፤ ሙቀቱ ዝቅ ባለው ፕሮግራም ቅቤው ይቀልጥና መውጫው ጎማ ውስጥ ሄዶ ይረጋል።

ሲንኩ ሥር ያለው የውኃ ማጣሪያ በሳምንቱ ደቃቅ አሸዋ ይዟል። ያ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ይገባ ነበር።

አሮጌውን ማሽን ቆራሌው ወሰደው። መጀመሪያ «እናት፣ ይሄ ዝገት ነው» ብሎ ዋጋ ጣለ። የውስጥ ገንዳው የማይዝግ ብረት መሆኑን፣ የፓምፑ ሞተር ውስጥ መዳብ እንዳለ አሳየሁት። ምናለሽ ተራ ሲደርስ እያንዳንዱ ለየብቻው እንደሚሸጥ እሱም ያውቃል። ተስማማን። መደርደሪያዎቹንና የጨው ማስገቢያውን አስቀርቻለሁ፤ ተመሳሳይ ማሽን ላለው ሰው ይሆናል።

የቀረኝ ሶሌታው ላይ ያለው ፓምፕ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የላሜራ ክዳን ያስፈልገዋል፤ አየር እንዲያገኝ ከጎን ክፍት፣ ከላይ ተዳፋት። ልኬቱን ለብየዳ ቤቱ ሰጥቻለሁ። ሰኞ ያደርስልኛል።